ዋይልድካት ጥይቶች ለዒላማ ተኩስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዒላማ ተኩስ የሚወዱ ወገኖች፣ በተለይ አሜሪካ ያሉት፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዋይልድካት የሚባለው የትኛው ጥይት ነው?

ፋብሪካ አምርቶ ሱቅ ያላስገባው ጥይት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳሚ፣ አውሮፓ ውስጥ ሲአይፒ የሚባሉት የጥይት ልክ መዝጋቢዎችም አያውቁትም። አንድ ተኳሽ የታወቀ ቀለህ ይወስዳል፤ አንገቱን ያጠባል ወይም ያሰፋል፣ ትከሻውን፣ ማለትም አካሉ ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ፣ ወደፊት ይገፋል፣ አንዳንዴም ቀለሁን ያሳጥረዋል። ከዚያ ለዚያ ልክ ቻምበር፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል፣ የተቆረጠለት በርሜል ያሠራል።

ብዙዎቹ ውለው አድረው ፋብሪካ ይገባሉ። .22-250 ለዓመታት የግለሰቦች ሥራ ነበር፣ ሬሚንግተን በ1965 ተቀበለው። 6 ክሪድሙርም ሰዎች የ6.5 ክሪድሙርን አንገት እያጠበቡ ሲተኩሱበት ቆይተው ነው በኋላ በ2017 የፋብሪካ ጥይት የሆነው። እዚህ ላይ ቃሉን ሰፋ አድርጌ እጠቀማለሁ፤ ዋይልድካት ሆነው የተወለዱትንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን አብሬ አነሳለሁ።

ሱቅ ሄጄ ጥሩ ጥይት መግዛት እየቻልኩ ለምን እደክማለሁ?

ለአብዛኛው ሰው መልሱ አትድከሙ ነው። 6.5 ክሪድሙርን ሆርናዲ በ2007 ሲያወጣው ከመጀመሪያውም ለዒላማ ውድድር አስቦ ነው የሠራው። ደህና ጠመንጃ ካላችሁ ከሱቅ የገዛችሁት ጥይት ከ1 ኤምኦኤ በታች ይሰበስብላችኋል፤ ምቶቹ ዒላማው ላይ ያን ያህል ተጠጋግተው ያርፋሉ ማለቴ ነው። 1 ኤምኦኤ ማለት 100 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት ትንሽ የጎደለው ስፋት ነው።

ድካሙ የሚገባው ጥይት ራሳችሁ ማሰናዳት (ቀለህ፣ ፕራይመር የሚባለውን ማቀጣጠያ፣ ባሩድና አረር ገዝቶ መገጣጠም) ከጀመራችሁ፣ አንድ የተወሰነ ውድድር ከመረጣችሁና በዚያ ውድድር ፋብሪካው የሰጣችሁ ነገር ትንሽ ካነሰ ወይም ትንሽ ከበዛ በኋላ ነው። ትልቅ ቀለህ ባሩድ ይበላል፣ በርሜል ይጨርሳል፣ ይራገጣል። ትንሽ ቀለህ ደግሞ አረሩን የሚፈለገው ፍጥነት ላይ አያደርሰውም። ዋይልድካት የሚሠራው በሁለቱ መካከል ልኩን ለማግኘት ነው እንጂ የበለጠ ጉልበት ለማምጣት ብቻ አይደለም።

ጀማሪ ነኝ፣ በየትኛው ልጀምር?

ጥይት ማሰናዳት ገና ካልጀመራችሁ 6.5 ክሪድሙር ግዙ። ማሰናዳት ከጀመራችሁና ዒላማችሁ ከ600 ያርድ የማያልፍ ከሆነ ደግሞ 6 ሚሊ ቢአር ኖርማ። ይሄኛው ዋይልድካት አይደለም፤ ግን ከታች የማነሳቸው ዳሸርና ቢአርኤ ልጆቹ ናቸው። ርግጫው ቀላል ነው። ቀለሁ ጥራት አለው። ባሩዱ በትንሹ ቢዛነፍ እንኳ ብዙ አይቀየምም። ብዙ ሰው ቢአርን ዘሎ ዳሸር ላይ ይወጣና ችግሩ ከጥይቱ ይሁን ከራሱ እጅ መለየት ያቅተዋል።

ውድድሮቹ ዋይልድካት ይፈቅዳሉ?

እንደ ውድድሩ ነው፤ በርሜል ከማዘዛችሁ በፊት ይሄን እወቁ። ኤፍ-ክላስ፣ ተኝተው ጠመንጃውን አስደግፈው ሩቅ ዒላማ የሚተኩሱበት ውድድር፣ ውስጥ ኦፕን የሚባለው ምድብ እስከ 8 ሚሊ ሜትር የትኛውንም ጥይት ይቀበላል፣ ጠመንጃው ግን ከነመነጽሩ ከ10 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ኤፍ-ቲአር የሚባለው ምድብ ግን .308 ዊንቸስተርና .223 ሬሚንግተን ብቻ ነው የሚቀበለው። እዚያ ዋይልድካት ይዛችሁ ብትሄዱ አትተኩሱም።

ፒአርኤስ፣ በሰዓት ተወስኖ ከተለያየ መደገፊያ የሚተኮስበት ውድድር፣ ውስጥ በክፍት ምድብ እስከ .30 ካሊበር ይፈቀዳል፣ ፍጥነቱ ግን ከ3,200 ጫማ በሰከንድ ማለፍ የለበትም። ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ጠባብ ስብስብ የሚወዳደሩበት የአጭር ርቀት ቤንችረስት ደግሞ ስለ ጥይቱ ብዙ አይጨነቅም፤ የሚመዘነው ጠመንጃው ነው። ኦሊምፒክ ለሚያስቡ፦ የ300 ሜትር ጠመንጃ ከ1972ቱ ሙኒክ በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቷል። አሁን ያለው የአየር ጠመንጃና የ50 ሜትሩ .22 ነው። ሁለቱም ላይ ዋይልድካት ቦታ የለውም።

6 ፒፒሲ ቤንችረስት ላይ እንዲህ የነገሠው ለምንድነው?

ሉ ፓልሚሳኖ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ፌሪስ ፒንደል የሚባል የማሽን ባለሙያ በ1970ዎቹ አጋማሽ የሠሩት ነው። መነሻቸው .220 ራሽያን የሚባል ቀለህ ነበር። የእሱ መነሻ ደግሞ ክላሽ የምናጎርሰው 7.62 በ39 ነው። ቁመቱን አስረዝመው ሳይሆን አካሉን አሰፉት፣ ትከሻውን 30 ዲግሪ አደረጉት፣ አንገቱን 6 ሚሊ አደረጉት። አጭርና ወፍራም ሆነ። ከዚያ ወዲህ በ100 እና በ200 ያርድ ቤንችረስት ላይ ሌላ ጥይት ይዞ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው።

ምሥጢሩ ቅርጹ ብቻ አይደለም። ፕራይመሩ ትንሹ ዓይነት ነው፤ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባት ቀዳዳም ጠባብ ናት፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። በተለመደው ቀለህ 2 ሚሊ ነው። ስለዚህ ማቀጣጠሉ ከጥይት ጥይት እምብዛም አይለያይም። የተለመደውን የፕራይመር ማውጫ መርፌ ግን እንዳታስገቡበት፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ይሰነቀርና ወይ ይሰበራል ወይ ቀለሁን ይዞ ይቀራል። ለጠባብ ቀዳዳ የተሠራ ቀጭን መርፌ ግዙ።

ድክመቱም አለው። የሚተኩሰው ቀላል አረር ነው፣ 65 ወይም 68 ግሬይን (የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ፣ 15ቱ አንድ ግራም ገደማ ነው)፣ የበርሜሉም ጥምዝ ዘገምተኛ ነው። 600 ያርድ ላይ ያ ቀላል አረር የንፋስ መጫወቻ ይሆናል። ፒፒሲ የ200 ያርድ ንጉሥ ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁት።

ቢአር፣ ዳሸር እና ቢአርኤ ምን ይለያያቸዋል? ሁሉም አንድ ይመስሉኛል።

አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሦስቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቁሟቸው። ቢአሩ ወደ ላይ ትንሽ እየጠበበ ይሄድና ትከሻው በ30 ዲግሪ ለስለስ ብሎ ወደ አንገቱ ይገባል። ዳሸሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ትከሻው በ40 ዲግሪ ድንገት ይቆረጣል፣ ጠርዙም በጣት ይታወቃል። ከዚያ በላይ ግን ትከሻው ወደፊት 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለተገፋ አንገቱ አጥሯል። ቢአርኤ የቢአርን አንገት እንዳለ ይዞ አካሉን ብቻ ቀጥ ያደረገ፣ ትከሻውንም 40 ዲግሪ ያደረገ ነው።

ውሃ ሞልታችሁ ብትመዝኑ ቢአር 38 ግሬይን ገደማ ይይዛል፣ ዳሸር 41 ገደማ፣ ቢአርኤ በመካከላቸው ነው። 105 ግሬይን አረር ቢአር በ2,800ዎቹ ጫማ በሰከንድ ይልከዋል፤ ዳሸር 2,950 አካባቢ በምቾት ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። 1000 ያርድ ላይ ግን ንፋሱን ስትሳሳቱ የምትከፍሉትን ይቀንሳል።

ታዲያ ዳሸር ካለ ቢአርኤ ለምን መጣ? በአንገቱ ምክንያት ነው። ረዘም ያለ አንገት አረሩን ደህና አድርጎ ይይዛል፣ ቀለሁንም ማሰናዳት በጣም ይቀላል፤ የቢአር ቀለህ ገዝታችሁ ቻምበሩ ውስጥ አጉርሳችሁ መተኮስ ብቻ ነው፣ ራሱ ቅርጹን ይይዛል። ዳሸር በድሮው መንገድ ከቢአር ሲሠራ ትከሻውን የሚደግፍ ነገር ስለሌለ ተጨማሪ ሥራ ነበረው። ዛሬ ተዘጋጅቶ የመጣ የዳሸር ቀለህ ስለሚሸጥ ያ ክርክር ላልቷል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለ600 ያርድ ቤንችረስት ቢአርኤን እመርጣለሁ፤ ለፒአርኤስ ግን ዳሸር፣ ያውም ዝግጁ ቀለህ ገዝቼ።

ለፒአርኤስ 6 ጂቲ ይሻላል ወይስ 6 ክሪድሙር?

ፒአርኤስ ላይ ጥይቱ ከካዝና ያለ ችግር መጉረስ አለበት። ሰዓት እየሮጠባችሁ፣ አንዴ የነዳጅ በርሜል ላይ አንዴ አጥር ላይ ተደግፋችሁ ነው የምትተኩሱት። ዳሸር አጭር ስለሆነ ካዝናው ውስጥ የሚገባ ማስተካከያ ይፈልጋል። 6 ጂቲን ጆርጅ ጋርድነርና ቶም ጄከብስ የሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው፦ የዳሸርን ጠባይ ይዞ፣ ቁመቱ ግን ትንሽ ረዝሞ ከተለመደው ካዝና በቀጥታ እንዲጎርስ።

6 ክሪድሙር ከሁለቱም ይፈጥናል። ችግሩ ያ ፍጥነት አያስፈልጋችሁም። የ3,200 ጣሪያ አለ፤ እዚያ ጫፍ ላይ የሚተኩስም ጥቂት ነው። ብዙ ባሩድ በዚያች ጠባብ 6 ሚሊ ቀዳዳ ሲያልፍ በርሜሉን ይበላል፣ ርግጫውም ስለሚበረታ ጥይታችሁ የት እንዳረፈ በመነጽር ሳታዩት ያልፋችኋል። ያን ማየት ደግሞ ቀጣዩን ጥይት ለማስተካከል ዋናው መሣሪያችሁ ነው። ስለዚህ ጂቲ። ክሪድሙር የሚጠቅመው የፋብሪካ ጥይት መግዛት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ለ1000 ያርድ 6 ሚሊ ይበቃል ወይስ 7 ሚሊ ልግዛ?

በኤፍ-ክላስ ዒላማ 1000 ያርድ ላይ የ10 ነጥብ ክበብ 25 ሴንቲ ሜትር ናት፣ የመካከለኛዋ ኤክስ ደግሞ ግማሿ፣ 12.7 ሴንቲ ሜትር። ንፋስ ሳይኖር ጥሩ ዳሸር እዚያ ውስጥ ያርፋል። ንፋስ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለየው። 180 ግሬይን የሚመዝን ረጅም የ7 ሚሊ አረር፣ ከ105 ግሬይኑ 6 ሚሊ ፈጥኖ ባይነሳም እንኳ፣ አየሩን ቀዶ ስለሚያልፍ ንፋስ በጣም ያነሰ ይገፋዋል። ኤፍ-ኦፕን ውስጥ የ.284 ዊንቸስተር ቤተሰብ የገነነው በዚህ ነው።

.284 ራሱ በ1963 የወጣ የፋብሪካ ጥይት ነው፤ ለአደን ታስቦ ወጥቶ ገበያ ላይ ብዙም አልተሳካለትም። ዒላማ ተኳሾች ግን ቀለሁን ወደዱት፣ አካሉ ወፍራም ሆኖ ቂጡ ከ.308 ጋር እኩል ስለሆነ ተራ ቦልት (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው የጠመንጃው ክፍል) ይበቃዋል። መጀመሪያ አንገቱን አጥብበው 6.5-284 ሠሩ። በ1000 ያርድ ለዓመታት ያሸነፈ ጥይት ነበር፤ ግን በርሜል በላ። ከዚያ ሰዎች ወደ 7 ሚሊው ተመለሱ። ሼሄን የሚባለው ደግሞ የ.284ን አካል ትንሽ ቀጥ አድርጎ ጥቂት ባሩድ የጨመረ ነው።

በ10 ኪሎ ጠመንጃ ተኝታችሁ ስትተኩሱ የ7 ሚሊ ርግጫ ይቻላል። ይሁን እንጂ በውድድሩ ማብቂያ ላይ ትከሻችሁ ሲደክም ቃታውን እየፈራችሁ መሳብ ትጀምራላችሁ። ክለባችሁ ሜዳ ላይ ንፋሱ የተረጋጋ ከሆነ 6 ሚሊው ይብቃችሁ። የሚያተራምስ ንፋስ ካለው 7 ሚሊ።

በርሜል ስንት ጥይት ይቆይልኛል?

እንደ አተኳኮሳችሁ ይለያያል፤ በፍጥነት እያከታተላችሁ ካጋላችሁት ያጥራል። በግርድፉ ለውድድር ብቁ ሆኖ የሚቆየው እንዲህ ነው፦ .308 ከ5,000 ሊያልፍ ይችላል። ቢአር ከ2,500 እስከ 3,000። ዳሸርና ጂቲ 2,000 አካባቢና ትንሽ በላይ። .284 በ2,000 ዙሪያ። 6 ክሪድሙር 1,500 ገደማ። 6.5-284 ደግሞ 1,000 እና ጥቂት።

አሜሪካ ውስጥ ጥሩ የውድድር በርሜል ከነቻምበር ማስቆረጫው ከ700 ዶላር ያልፋል። ይሄን ለጥይት ቁጥር አካፍሉት። 6.5-284 ስትተኩሱ ለበርሜሉ ብቻ በየጥይቱ ከ60 ሳንቲም በላይ እየከፈላችሁ ነው፤ በቢአር ከ30 አያልፍም። ልምምድ የሚያበዛ ሰው ይሄን ሳያሰላ ጥይት አይምረጥ።

ፋብሪካ የሠራው ጠመንጃዬ ላይ ማሠራት እችላለሁ?

የቦልቱን ፊት እዩ። ቢአር፣ ዳሸር፣ ቢአርኤ፣ ጂቲ፣ ክሪድሙርና .284 ሁሉም እንደ .308 ዓይነት ቂጥ አላቸው። .308 ወይም .243 የሆነ ጠመንጃ ካላችሁ ቦልቱ ያው ይሆናል፣ የሚቀየረው በርሜሉ ነው። ፒፒሲ ግን ጠበብ ያለ ቂጥ ስላለው የራሱ ቦልት ይፈልጋል። ቻምበር የሚቆርጠው ባለሙያ ቀድሞ ያንን ጥይት የሠራ ሰው ይሁን። የቆረጠበትን የሪመር (የቻምበር መቁረጫው) ሥዕል ቅጂም ተቀበሉት፤ የአንገቱን ስፋት ሳታውቁ ቀለህ ማሰናዳት አትችሉም።

40 ዲግሪ ትከሻ በእርግጥ ትክክለኛነት ይጨምራል?

ሐሳቡ በሰፊው የተነዛው በፓርከር አክሊ ነው፣ አሜሪካዊ የጠመንጃ ባለሙያ፤ በ1989 አረፈ። እርግጥ የሆነው ጥቅም ሁለት ነው። አካሉ ቀጥ ሲል ትንሽ ተጨማሪ ባሩድ ይገባል፤ ቀለሁም በተኩስ ብዛት ቶሎ አይረዝምም፣ ስለዚህ ደጋግሞ ከመከርከም ትድናላችሁ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ጥራት ያለው ቀለህ ውድ ነው።

ትክክለኛነት ግን ከማዕዘኑ አይመጣም ባይ ነኝ። በአጭር ርቀት በዓለም ላይ ከሁሉ ጠባቡን የሚሰበስበው ፒፒሲ ትከሻው 30 ዲግሪ ነው። ማዕዘኑ ተአምር ቢሠራ ቤንችረስተኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀይሩት ነበር። የሚሰበስብላችሁ ጥሩ በርሜል፣ እኩል የሆነ ቀለህ፣ እኩል የሆነ አረርና ንፋስ የሚያነብ ዓይን ነው።

ቀለሁን በተኩስ ማስፋት ጥይትና በርሜል አያባክንም?

ያባክናል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ቢአርኤ ላይ የመጀመሪያው ተኩስ ራሱ በደንብ ስለሚሰበስብ ልምምድ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ወሳኙ ነገር ቀለሁ በመጀመሪያው ተኩስ ቻምበሩ ውስጥ እንዳይንሸራተት መያዙ ነው። ልል ሆኖ ከተተኮሰ ከቂጡ በላይ ያለው አካል ይሳሳል፤ ውጭውን ስታዩት ደህና ይመስላል፣ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ግን እዚያው ላይ ለሁለት ይከፈላል። አሥር ቀለህ ከሠራችሁ በኋላ አንዱን ጎትታችሁ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ከቂጡ ወደ ላይ ሳቡት። ጉድጓድ ነገር ከያዘው ቀሪዎቹንም አትተኩሱ።

ጓደኛዬ የሚጠቀመውን የባሩድ መጠን ልውሰድ?

አትውሰዱ። ይሄን ጥያቄ የሚያመጣው ዋይልድካት የታተመ መመሪያ ስለሌለው ወይም ስለሚያጥረው ነው፣ ሰው በወሬ ይተካዋል። የጓደኛችሁ ቻምበር በሌላ ሪመር ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ቀለሁ የሌላ ፋብሪካ ሆኖ ግድግዳው ሊወፍር ይችላል፣ ባሩዱም ሌላ ምርት ይሆናል። ለእሱ የተመቸው ለእናንተ ግፊቱ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱ ደግሞ የሚፈነዳው ፊታችሁ አጠገብ ነው።

ከመነሻው ጥይት የታተመ መረጃ ከታች ጫፍ ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ ውጡ፣ ፍጥነትን በመለኪያ እዩ። ከተጠበቀው በላይ ከፈጠነ ግፊቱም በልጧል ማለት ነው። ቦልቱ መክበድ ከጀመረ ወይም የቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ካያችሁ ቁሙ። ፕራይመሩ መጠፍጠፉን ብቻ አትጠብቁ፤ እሱ አንዳንዴ ምንም ሳይናገር ነው ግፊቱ የሚያልፈው።

በሕግ በኩልስ?

አሜሪካ ውስጥ ለራሳችሁ ጥይት ማሰናዳት የፌዴራል ፈቃድ አይፈልግም፣ ለመሸጥ ግን ይፈልጋል። ለክለብ ጓደኛ በዋጋ መሥራትም ያው ሽያጭ ነው። የግዛቶቹ ሕግ ይለያያል፣ የምትኖሩበትን እዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የሚገዛ ሲሆን ያለ ፈቃድ የሚነካ ነገር አይደለም። ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ የተኩስ ቦርሳችሁን ለልብስ አትጠቀሙ፤ አንዲት የተረሳች ጥይት ኪስ ውስጥ ብትገኝ ኤርፖርት ላይ ታስቀራችኋለች።

ጠመንጃዬ ደህና ሲሰበስብ ቆይቶ ድንገት መበተን ጀመረ። ጥይት ልቀይር?

ቆዩ። መጀመሪያ የመነጽሩንና የሰደፉን ብሎኖች በጥብቀት መለኪያ ፈትሹ። ከዚያ ቻምበሩ ጫፍ ላይ፣ ልክ የቀለሁ አፍ የሚያልቅበት ቦታ፣ በርሜል ውስጥ በምትገባ ትንሽ ካሜራ ተመልከቱ። ጠንካራ ጥቁር ቀለበት ከታየ ጥላሸት ነው፤ አረሩን አንቆ ግፊቱን ያዘባርቀዋል። ተራ ብሩሽ አያወጣውም፣ የሚያፋትግ ማጽጃ ይፈልጋል።

በርሜሉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ቀለሁ ሂዱ። ትከሻው ወደፊት በተገፋ ዋይልድካት ላይ፣ ዳሸር ዋናው ነው፣ የቀድሞው ትከሻ ወፍራም ነሐስ አዲሱ አንገት ሥር ይገባና ከውስጥ ቀለበት ይሠራል። አረሩ እዚያ ድረስ ከወረደ አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ ይቀመጣል፣ ፍጥነቱም ይለያያል። 3 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ብቻ 1000 ያርድ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ያደርጋል። የተተኮሰ፣ ገና ያልተጠበበ ቀለህ ውስጥ አዲስ አረር በጣታችሁ ጣሉበት። አንገቱ ሥር ደርሶ ከቆመ ቀለበቱ አለ፤ የአንገቱን ውስጥ በሪመር ማስጠረግ ወይም አረሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ሁለቱም ካልሆነ የጥይት ቁጥራችሁን መዝገብ አውጡ። ከላይ ከጻፍኩት ቁጥር ከቀረባችሁ ጥይት ሳይሆን በርሜል እዘዙ፣ ያውም አሁኑኑ፤ ጥሩ ባለሙያ ጋ ወረፋው ወራት ይፈጃል።